ያለ ወላሂ

እሁድ

ዛሬም ቀረ። እዚህ አገር እሁድ የሥራ ቀን ነው። ከጠበቃዬ ጋር ፍርድ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ጀማልን ስንጠብቅ ረፋዱ አለፈ። ባለፈው ድሬዳዋ ነኝ ብሎ ነበር፤ የዛሬው ትኩሳት ነው፣ ከሐኪም ወረቀት ጋር።

ወንድሜ ነው፣ በአባት። አባባ ሳይሞት ካርቲየ 1 ሰፈር ያለውን ቤት በቃሉ ሰጥቶኛል ይላል። እማ የምትኖርበትን ቤት። ዳኛው የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ መጥቶ ይህንኑ ምሎ እንዲናገር።

ወላሂ ሳይል ውሃ የማይጠጣ ሰው። ጨርቅ ሲሸጥ ወላሂ፣ ሲያረፍድ ወላሂ፣ ሻይ ሲጣፍጠው ወላሂ።

ሰኞ

የቀትሩ ጫት ገባ፣ ከተማው ሊቅም ገብቶ ዝም አለ። እኔም ተኛሁ።

አባባን አየሁት። ሱቁ ውስጥ ሽርጥ ያጥፋል። ቤቱን ለማን ሰጠኸው? አልኩት። አጠፈ፣ ፈታ፣ እንደገና አጠፈ። ቀና ሳይል «ይሄ ቀለሙን ይለቃል» አለኝ። ስነቃ ሽርጡን እጄ ላይ ፈለግሁት። ለረጅም ጊዜ ከአልጋው አልወረድኩም። ናፍቆኛል።

ማክሰኞ

ሦስተኛው ቀጠሮ ከነገ ወዲያ ነው። ጠበቃዬ እንዳለችው አሁንም ከቀረ ዳኛው መቅረቱን እንደ መልስ ሊቆጥሩበት፣ ባለው ማስረጃም ሊወስኑ ይችላሉ። «እንዲቀር ዱዓ አድርጊ» ብላ ሳቀች። ደስ አለኝ። እስከ ቤት ድረስ።

ለእማ ነገርኳት። «ቤቱስ ይተርፍልን ይሆናል። ግን ሰጥቶት ነበር ወይ? ያን ሁሉ ዘመን አብሬው ኖሬ፣ ሳይነግረኝ?»

ለካ የተቀየመችው አባባን ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሆኜ አላየሁትም። አፈርኩ።

የነገ ሥራ፦
የእማ መድኃኒት።
የአባባ የሞት ወረቀት ኮፒ።
ጀማል ቤት መሄድ። (ሰረዝኩት። መልሼ ጻፍኩት።)

ረቡዕ

ኮፒውን ረሳሁት። በሚኒባስ ዳገቱን ባልባላ ሰፈር ወጣሁ፣ ጀማል እስከሚኖርበት ዋራበሌ። ጠበቃዬ ብታውቅ ትገድለኛለች። ሙቀቱ መንገዱን ውሃ አስመስሎት ነበር፤ ሰዎቹ እየዋኙ የሚመጡ ይመስላሉ።

ጀማል ደጁ ላይ ቆሟል። ትኩሳት የለበትም። «ወላሂ ልመጣ ነበር፣ ወላሂ ነገ እመጣለሁ» አለ።

«ዳኛውን ተዋቸው፣ ለእማ ብቻ ንገራት። ሰጥቶሃል ወይስ አልሰጠህም?»

ሻይ ልጋብዝሽ አለኝ። አልጠጣሁም። ስመለስ ቁልቁል ባሕሩ ሲታየኝ አለቀስኩ፤ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ሶፍት ሰጠችኝ።

ሐሙስ

አልመጣም። ዳኛው መቅረቱን አስመዘገቡ፣ ውሳኔው በሚቀጥለው ሳምንት ይነበባል አሉ። ጠበቃዬ እጄን ጨበጠችኝ። እንቅልፍ ላይ ያለሁ ያህል በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ።

ደጃፋችን ላይ የወንድ ጫማ አለ። የአባባ መሰለኝ፤ ቆምኩ።

ጀማል ነው። ምንጣፉ ላይ፣ እማ እግር ሥር ተቀምጧል።

«አልሰጠኝም» አለ። «ስጠኝ ብዬ ለምኜው ነበር። እሷ በሕይወት እያለች አይሆንም አለኝ።»

እማ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከዚያ እጇን ዘርግታ የጀማልን ራስ ነካች።

ዳኛው ፊት ይድገመው አይድገመው አላውቅም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ወላሂ እስኪል ጠበቅኩ። አላለም። አመንኩት።