ሞርሳው ያለው አባባ ቤት ነው

ሰኞ፣ የካቲት 3

ከሥራ ስመለስ የመኪናዬ ፍሬን ከዳኝ። ቤቴ ልደርስ ስል፣ ቁልቁለቱ ላይ... ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ። የእጅ ፍሬኑን እየጎተትኩ አጥሩ ሥር አቆምኳት።

ጎረቤቶች ገፍተው ጊቢ አስገቡልኝ፣ ከዚያ ወደየቤታቸው። ካርቶን አንጥፌ ሥሯ ገባሁ። ወደ ኋላ ግራ ጎማ የሚሄደው ቀጭን የፍሬን ዘይት ቱቦ በዝገት ተበልቶ ተበስቷል። ዘይቱ ጠብ... ጠብ...

ጋራዥ ብወስዳት በአንድ ቀን ያልቃል። ከዚያስ? ቅዳሜን ምን አደርግበታለሁ? ራሴ እሠራታለሁ።

ለማን ነው የምፎክረው ግን?

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ያረጀውን ቱቦ በጋዜጣ ጠቅልዬ መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቋ ፍርጥም ያለች ሴትዮ ናት። ገና ሳልቀመጥ፣ አፉ ምን ዓይነት ነው አለችኝ። ቱቦ አፍ እንዳለው በምን አውቄ!

አስረዳችኝ። የቱቦው ጫፍ እንደ ጡሩምባ አፍ ካልሰፋ ቱቦው ላይ የሚጠልቀው ማሰሪያ ብሎን፣ ዳዶው፣ አጥብቆ አይይዘውም፣ ዘይቱንም ይተፋል። የእኔው ደግሞ ጠርዙ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ ድርብ ነው። እንዳይሰነጠቅ። አዲስ ቱቦና ማስፊያ እኔ ጋ ግዛ፣ ቱቦውን ግን ስትቆርጥ አትቸኩል አለችኝ።

ሦስት ማስፊያ ባንኮኒው ላይ ደረደረች። አንዱ ሳጥን ሙሉ ነው፣ ለሁሉም ልክ የሚሆን፣ ቀለል ያለ፣ ርካሽ። ሁለተኛው አንድ ልክ ብቻ የሚያውቅ ከባድ ብረት ነው፣ ግን ጠረጴዛ ላይ በተተከለ የብረት መንከሻ፣ በሞርሳ፣ ካልታሰረ አይሠራም። ሦስተኛው የራሱ ፓምፕ ያለው ነው፣ እሱን የጋራዥ ሰዎች ይወስዱታል አለች።

ሞርሳ አለህ? የለኝም። እንግዲያው ቀላሉን ውሰድ፣ ቤት ውስጥ የሚይዝልህ ሰው ካለ ይሠራል።

አለ አልኳት።

ማን አለኝና?

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ጠዋቱን ሙሉ በረንዳ ላይ። መያዣውን በጉልበቶቼ መሃል ጨምቄ ስጠመዝዝ ዋልኩ። የመጀመሪያው አፍ ወደ ጎን ተጣመመ፣ ጥርሱን እንዳመመው ሰው። ሁለተኛው ተሰነጠቀ። ሦስተኛው ግን... ክብ፣ ለስላሳ፣ ቀጥ ያለ! ወደ ብርሃን አንስቼ አየሁት። ኮራሁ።

ከዚያ ዳዶውን አየሁት። መሬት ላይ ተቀምጧል። አፉ ከመስፋቱ በፊት ነበር ቱቦው ላይ መግባት የነበረበት። ሌላው ጫፍ ደግሞ የተጣመመው አፍ ነው። አሁን ከየት በኩል ይግባ?

ሳቅሁ። ጮክ ብዬ። ቤቱ ባዶ ስለሆነ ሳቄ ተመልሶ መጣብኝና ደነገጥኩ። ሳቅም ለካ ተቀባይ ይፈልጋል።

አራተኛው ተንሸራትቶ እጄን ቆረጠኝ። ተውኩት።

እሑድ፣ የካቲት 9

ዝናብ። ማንም አልደወለም። እኔም ለማንም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

የምሠራበት ማተሚያ ቤት ውስጥ ከፊት ለፊቴ የሚቀመጠው መጽሐፍ ጠራዥ እጄ ላይ ያለውን ቁስል አይቶ ምን ሆንክ አለኝ። ነገርኩት። ሳይስቅ ሰማኝ። ቀላሉ መሣሪያ እጅህ ላይ ከተወላገደ ከባዱን ቀይር፣ ሞርሳ ያለው ሰው ደግሞ አይጠፋም አለኝ። አታውቅም?

አውቃለሁ።

ሞርሳው ያለው አባባ ቤት ነው። ከጓሮው ጠረጴዛ ጋር በብሎን የታሰረ፣ አረንጓዴ። ፖስተኛ ሳለ ብስክሌቱን የሚጠግንበት ነበር።

አባባ አማቴ ነበር። ከልጁ ጋር ከተፋታን ዓመት አለፈ። እሷ ለሥራ ባሕር ተሻግራ ሄዳለች፣ እሱ ብቻውን ነው፤ ሌላ ልጅ የለውም። ከዚያ ወዲህ ደጁን ረግጬ አላውቅም። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝ። አትምጣ ያለኝም የለም። ብቻ... ምን ብዬ ልሂድ? «የቀድሞ ሚስት» ይባላል። «የቀድሞ አባባ» ይባላል እንዴ?

ዓርብ፣ የካቲት 14

ባለሱቋ ሳጥኑን ገልብጣ አየችና፣ ምንም አልጎደለም ብላ በከባዱ ለወጠችልኝ። ሞርሳ አገኘህ ወይ አለችኝ። ልጠይቅ ነው አልኩ።

ብረቱን በቦርሳ አንጠልጥዬ በአባባ ሰፈር በኩል አለፍኩ። ተመልሼም አለፍኩ። መስኮቱ ላይ መብራት ነበር። ሰው የሌለው ይመስል ፀጥ ያለ ቤት።

ቤቴ ገባሁ። ፈሪ።

እሑድ፣ የካቲት 16

አንኳኳሁ።

ከፈተና ፊቱን ወደ ፊቴ አስጠጋ፣ በጣም አስጠጋ። ያኔ ነው የገባኝ። ዓይኑ ላይ ሞራ ወጥቶበታል። ማን እንደሆንኩ ልነግረው አፌን ስከፍት በስሜ ጠራኝ። የት ጠፋህ አላለም። እኔ ነኝ ችኩል፣ ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ፣ ሞርሳ ፈልጌ ነው አልኩት።

«ለሞርሳ?»

«አዎ አባባ።»

«ይሁን» አለ፣ «ለሞርሳም ቢሆን ግባ።»

ሞርሳው በአሮጌ ጣሳና በሽቦ ተቀብሯል። አብረን አወጣነው። ስለ መኪና ምንም አላውቅም ብሎ ወንበር ስቦ ከአጠገቤ ተቀመጠ። የምሠራውን አያይም፣ ስለዚህ እየሠራሁ ነገርኩት። አሁን ቱቦውን ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩ... ጠርዙን ሞረድኩ... ዳዶውን አስገባሁ። ዳዶው ላይ ስደርስ የቅዳሜውን ነገርኩት። ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ።

ማስፊያውን ሞርሳው ላይ አስሬ፣ መጀመሪያ በቅርጽ ማውጫው ተጫንኩት፣ ቀጥሎ በሹሉ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጠፍኩት። ሞርሳው ንቅንቅ አላለም። ሲወጣ ሰጠሁት፣ በጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰው። እንከን የለውም አለ። ሌላኛውንም ጫፍ እንደዚያው።

ስወጣ በሩ ላይ ቆምኩ። ከእንግዲህ ምን ብዬ እንደምጠራህ አላውቅም አልኩት። ለምን እንዳልኩት እንጃ። አመለጠኝ።

«ልጄ ፈታችህ እንጂ» አለ፣ «እኔ መች ፈታሁህ?»

ወደ ቤቴ የተመለስኩት በእግሬ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሰው እንዲያየኝ አልፈለግሁም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ቱቦው ልክክ ብሎ ገባ። ግን መሥመሩ ውስጥ አየር አለ። አየሩን ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ አንዱ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሌላው ጎማው ጋ ተንበርክኮ ማስተንፈሻዋን ብሎን ይፈታል፣ ያጠብቃል። ይህን ረቡዕ ዕለት ሄጄ ለአባባ ነገርኩት። እግሬ ዓይን አያስፈልገውም፣ እመጣለሁ አለ። ዛሬ በአውቶቡስ መጣ። ፌርማታው ላይ ጠበቅኩት።

መሪው ጋ አስቀመጥኩት። እኔ ከኋላ መሬት ላይ።

ርገጥ እለዋለሁ። ረገጥኩ ይላል። ያዝ። ያዝኩ። ብሎኗን ስፈታ ዘይቱ አረፋ ይዞ ብሎኗ ላይ በሰካሁት ላስቲክ ይወርዳል። አጠብቃለሁ። ልቀቅ። ለቀቅኩ። የዘይት ጋኑ እንዳይደርቅ በየመሃሉ ዘይት እጨምራለሁ፣ እንደገና ርገጥ። በዚህ ጊቢ ውስጥ ስናገር መልስ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

አረፋው ቆመ። ዘይቱ ጥርት ብሎ መጣ። ፔዳሉም ጠንክሯል፣ እሱም ከእግሩ በታች ሳያውቀው አልቀረም። እኔ ግን ርገጥ አልኩት። ረገጥኩ አለ። ያዝ። ያዝኩ። ሁለታችንም አልቋል አላልንም።

ቆይቶ ራሱ ነው፣ «በቃ ደርቀን እንዳንቀር» ያለው።

ምሳ እኔ ጋ በላን። ስለ ዓይኑ ጠየቅሁት። የሐኪም ቀጠሮ ነበረው፣ አልሄደም። መንገዱን በደንብ ስለማያየው ፈራ፣ ለልጁ ደግሞ እንዳትጨነቅ ሄጄ ነበር ብሏታል። ቀጠሮውን እናሳድስ አልኩት። ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

እሑድ፣ የካቲት 23

ብቻዬን ሰፈሩን ዞርኩ። ቁልቁለቱን ቀስ ብዬ፣ ደጋግሜ። ይይዛል። ጊቢ አስገብቼ በባትሪ አየሁት፣ አንድ ጠብታ የለም። ጠራዡ፣ አንድ የጋራዥ ሰው ይይልህ ብሎኝ ስለነበር ጥግ ያለው ሜካኒክ ጋ ወሰድኳት። ሥሯ ገብቶ አየና፣ የት አሠራኸው አለኝ።

ቤት አልኩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ፈቃድ ወስጄ አባባን ዓይን ሐኪም ቤት አደረስኩት። ካፖርቱን ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ በር ላይ ነበር የጠበቀኝ።

መንገድ ላይ ስልኩ ጠራ። እሷ ናት። ቁልፎቹን ስለማያይ ሁልጊዜ በድምፅ ማጉያው፣ ከፊቱ አድርጎ ነው የሚያወራው፣ ድምጿ መኪናውን ሞላው። ከዓመት በኋላ።

የት ነህ አለችው። ሐኪም ቤት እየሄድኩ ነው አላት። በምን? በመኪና።

«ከማን ጋር?»

«ከልጄ ጋር» አላት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። መንገዱን ብቻ እያየሁ ነዳሁ።

ከዚያ በዝግታ፣ «በርጋታ ይንዳ በለው» አለች።

አባባ ወደ እኔ ዞር አለ።

«ሰምቷል» አላት።