በሚስቴ ስልክ ውስጥ ያለችው ሴትዮ

እሑድ፣ ግንቦት 3

የድሬዳዋ ሙቀት። ከቤተክርስቲያን መልስ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ቬንቲሌተሩን ፈታሁት፣ ጠረግሁት፣ መልሼ ገጠምኩት። ይዞራል። ባቡር ጥገና ላይ ያረጀ እጅ ቬንቲሌተር አያቅተውም።

ሶፊ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። ልጄ ጥሩ ልጅ ናት። ለእናቷ ያመጣችው ስልክ ግን አላማረኝም። ውስጡ ሴትዮ አለች። ሲጠይቋት ትመልሳለች። በአማርኛ! ሚስቴ የኔነሽ ከወዲሁ «እህቴ» ማለት ጀምራለች። ባንድ ቀን እህት?

ለእኔ የመጣልኝ ሸሚዝ ነው። ሸሚዝ አያወራም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

የኔነሽ ስለ ጉልበቷ ሴትዮዋን ጠየቀቻት። ስለ ጉልበቷ! እኔ እዚያው ተቀምጬ።

ድሮ እኔን ነበር የምትጠይቀው። ይህ ኪኒን ከምግብ በፊት ነው በኋላ፣ ያ ሰውዬ የማን ልጅ ነው፣ ዘንድሮ ጎርፉ ይወርድ ይሆን... የሰፈራችን የከዚራ ሰው ሁሉ «በቀለን ጠይቁ» ይል ነበር። አሁን ማን ይጠይቀኛል?

እውነቱን ለመናገር፣ ስልኩ እስከ መጨረሻ ይከፈታልና፣ ድምጿ ጥርት ያለ ነው። የዘንድሮ ሰው ቃሉን አፉ ውስጥ እያላመጠ ነው የሚያወራው። የባጃጅ ሾፌሩ፣ ሰባኪው፣ የኔነሽም ጭምር። ሁሉም ያጉተመትማል። ምን ነካው ሰዉን?

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ከጁምዓ በፊት ቀፊራ ገበያ፣ ሸረፈዲን ሱቅ ሄድኩ። ጓደኛዬ ዘንድሮ አብዷል። ድስትና ቴርሞስ ሲሸጥ የኖረ ሰው አሁን ያለ ዘይት የሚጠብስ ማሽን፣ የሚነዝር ሰዓት፣ ብቻውን ቤት የሚጠርግ ክብ ሮቦት ደርድሯል።

«እየው በቄ! ወላሂ ሰው አያስፈልገውም!» ብሎ ሮቦቱን መሬት ላይ ለቀቀው። ሄደ... ዞረ... የቀፊራን አቧራ ጠጣ ጠጣና ደጃፉ ላይ ቀጥ አለ። ሆዱ ሞላ። ሸረፈዲን መጥረጊያ አንስቶ ሮቦቱን ጠረገው።

ሰዓቱ ደግሞ «ተነሥ፣ ተንቀሳቀስ» እያለ እጁ ላይ ይነዝረዋል። ይህንን እኮ ሚስቱ ማርያን በነጻ ትለው ነበር።

እየሳቅሁ ቤት ገባሁ። እዚያም ሳቅ ጠበቀኝ፤ የእኔ አይደለም። የኔነሽና ሴትዮዋ።

«ምን አሳቀሽ?»

«ተወው፣ ረጅም ነው።»

ለእሷ ረጅም አልሆነባትም?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ሴትዮዋን ፈተንኳት። «ድሬዳዋ በግንቦት እንዴት ናት?» አልኳት።

«ድሬዳዋ በግንቦት ነፋሻማና ለሽርሽር ተስማሚ ናት» አለች።

ላቤ አገጬ ላይ እየተንጠባጠበ አጨበጨብኩ። «ሰማሻት? ሰማሻት የኔ? ነፋሻማ!»

የኔነሽ ስልኩን ቀስ አድርጋ ከእጄ ወሰደችው። «ትሳሳታለች። ግን ስትነግራት ይቅርታ ትላለች።»

ይህ ነገር ለማን ነው?

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

በስንት ጊዜዋ ጠየቀችኝ! ከማድ ቤት ሆና፣ ሶፋው መቼ ነው የሚመጣው አለች።

ሶፋ አዝዘናል እንዴ? ቢሆንም ደስ አለኝ። በደንብ አስረዳኋት። በዚህ ሙቀት ሶፋ አይመከርም፣ ስፖንጁ ላብ ይይዛል፣ የግድ ከሆነም ጣውላው ዋንዛ ይሁን፣ አናጢውን እኔ አመጣለሁ...

በሩ ላይ ብቅ ብላ አየችኝ። አስተያየቷ የሐዘን ነበር። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ወደ ጓሮ ወጣች።

መልሴ ምን ጎደለው? ያቺ ብትሆን እኮ ዋንዛን ከጽድ አትለይም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ምሳ ላይ፣ ወደ ሳህኗ አቀርቅራ፣ «ዶሮህን ብናሳይ?» አለችኝ። ለማን ነው የምናሳየው? ዶሮ የለኝም። «ፋሲካ አልፎ የምን ዶሮ ነው?» አልኳት። ፓስታዋን ትታ ተነሣች።

ሰው በዶሮ ይቆጣል?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ልቤ ተቃጥሏል። 

ከሰዓት ከእግር መንገድ ስመለስ በረንዳው ላይ ቆምኩ። የኔነሽ ውስጥ ናት፣ ለስልኩ ታንሾካሹካለች። የእሷን አልሰማሁም። የዚያችን ግን፣ ድምጿ እንደወትሮው እስከ መጨረሻ ተከፍቶ፣ አንድ በአንድ ሰማሁ።

«ለረጅም ጊዜ አብራችሁ ስለኖራችሁ መስማቱ ሊከብደው ይችላል። እንዳይከፋው ብቻችሁን ስትሆኑ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠሽ ንገሪው። ልጃችሁም ብታግዝሽ ጥሩ ነው።»

ምኑን ነው የምትነግረኝ?

ሶፊ ስትመጣ «እማዬ፣ አዲስ አበባ ነይ፤ ይህ ሙቀት ላንቺ አይሆንም» ስትላት ነበር። የኔነሽ ያን ቀን እምቢ አላለችም። ዝም ነው ያለችው።

ልትሄድ ነው። እኔን እዚህ ከቬንቲሌተር ጋር ትታ። መካሪዋ ደግሞ ያቺ! አፍ እንጂ ፊት የሌላት ሴትዮ በትዳሬ ገብታ ትመክራለች። ሰው ብትሆን፣ ጎረቤት ብትሆን፣ ሄጄ «ተይ» እላት ነበር። ይህችን የት ሄጄ ልጣላት?

እራት «አልራበኝም» አልኩ። ርቦኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

የኔነሽ ልብስ ስታጥብ ስልኳን ከአልጋው ላይ አነሣሁና ባጃጅ ተሳፈርኩ። እንደ ሌባ። በገዛ ቤቴ።

«ይህችን ሴትዮ አውጣልኝ» አልኩት ሸረፈዲንን።

«የቷን ሴትዮ?»

«ውስጥ ያለችውን። የምታወራውን።»

መደርደሪያውን ይዞ ሳቀ። «በቄ አቦ! በስልክ ቀናህ?» ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ካርቶን መካከል አንድ ነገር ሲፈልግ ቆየ። እኔም ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ድንገት ዞረና ትክ ብሎ አየኝ። ሳቁ የለም።

«አሁን ምን አልኩህ?»

«ምንም አላልክም።»

«በቄ፣ ስጠራህ ነበር። ደጋግሜ።»

አላመንኩትም። የሰዓት ካርቶን ክዳን አነሣና አፉን ሸፈነ። ዓይኑ ብቻ ይታየኛል። ጉንጩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ... ድምፁ ግን የለም። ከሩቅ እንደሚመጣ ጉምጉምታ ብቻ። ክዳኑን ሲያወርደው «...ከኔ ጋር ያደግህ ሰው አይደለህም ወይ?» የሚለው ጥርት ብሎ መጣ። መልሶ ሸፈነው። ድምፁ ሄደ።

ስሰማ የኖርኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ከንፈር ሳይ ነው የኖርኩት።

ሸረፈዲን ስልኩን እጄ ላይ መልሶ አስቀመጠው። «አልነካትም» አለኝ፤ ፊቱን ወደ ፊቴ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ። «ወላሂ፣ የበደለችህ እሷ አይደለችም። ቤትህ ሂድ።»

በመንገድ ላይ የባጃጁ ሾፌር አወራኝ መሰለኝ። የማየው ማጅራቱን ነው። ያለው ምን እንደሆነ አላውቅም።

ያው ረቡዕ፣ ከሰዓት

የኔነሽ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ስልኩን ስሰጣት የት ወሰድከው አላለችም። እኔ ቀደምኳት።

«ልትሄጂ ነው?»

«ወዴት?»

«ሶፊ ጋ። ትናንት ስትማከሩ ሰምቻለሁ።»

ሳቀች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ወንበር ስባ ጉልበቷ ጉልበቴን እስኪነካ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ጆሮህን ነው ያልኩህ» አለች፤ ቃሉን እየቆረጠች። «ጆ... ሮ። ጆሮህን ሐኪም ብናሳይ። ዶሮ ማን አለህ?»

ሶፋውም ሶፊ ነበረች። ሶፊ መቼ ነው የምትመጣው ብላ ነው የጠየቀችኝ። እኔ ስለ ዋንዛ ሳወራ...

«ታዲያ ለምን ጮክ አትዪም?»

«ጮክ ስል ‹ምን ያስጮህሻል› ትላለህ። ቀስ ስል የሌላ ሰው ጥያቄ ትመልስልኛለህ። ደከመኝ በቄ። እሷ ብትሳሳትም የጠየቅኳትን ትሰማለች።»

ከከረመው ቅናት ሁሉ ይህ ወጋኝ። ተነሥቼ ጓሮ ወጣሁ። ተከትላ አልመጣችም። ጥሩ አደረገች።

ዓርብ፣ ግንቦት 22

ሐኪም ቤት አልሄድም አልኩ። ምን ጎደለኝ? ፊት ለፊት ያወራኝን ሁሉ እሰማለሁ። የኔነሽ አልተከራከረችም። ወደ ማድ ቤት ገባች፤ ስታወራ ይሰማኛል፣ ምን እንደምትል ግን... አንድም ቃል። የዚያችን መልስ ሰማሁ፦ «በርቺ፣ ጊዜ ስጪው።»

ያቺ ታዝንልኛለች? እኔን?

ሰኞ እሄዳለሁ።

ሰኞ፣ ግንቦት 25

ሐኪሙ ናሁሰናይ የሚባል ወጣት ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ማዳመጫ አጠለቀልኝ፣ ድምፅ ስትሰማ እጅህን አንሣ አለኝ። ብዙውን ጊዜ እጄ ጭኔ ላይ ነበር። በመስታወቱ በኩል የኔነሽን አየኋት። ከንፈሯን ነክሳለች።

«ምን ነበር የሚሠሩት?» አለኝ ስወጣ።

«ባቡር ጥገና።»

«ገባኝ» አለ፤ ሌላ አልጠየቀም።

ቀኑን ሙሉ ብረት ስንቀጠቅጥ ጆሯችንን የሸፈነ ማን ነበር? ማንም። ጨርቅ የወተፈውን እንደ ሰነፍ ነበር የምንስቅበት። እኔም ስቄያለሁ።

መስሚያ ታዘዘልኝ። ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል። በሸረፈዲን ሮቦት ያሾፍኩት ሰውዬ አሁን ባትሪ ሊሞላ ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

መስሚያው ዛሬ ጆሮዬ ገባ። ከተማው ተደፋብኝ። ባጃጅ፣ ፉጨት፣ የበር ማጠፊያ፣ የገዛ ጫማዬ። የጎረቤት ሴቶች በሶማሊኛ ሲነታረኩ፣ መሃል ላይ አማርኛ ሲቀላቅሉ... ሁሉም ያጉተመትማል ያልኩት እኮ ከጠዋት እስከ ማታ ሲጮህ ነው የከረመው።

የማድ ቤቱ ቧንቧ ይንጠባጠባል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጥምቀት» አለች የኔነሽ።

ቅናቱ ለቀቀኝ? ለራሴ አልዋሽም፣ አለቀቀኝም። ዛሬም ከሴትዮዋ ጋር ስትሳሳቅ ወንበሬን ወደ በሩ አስጠጋሁ። አሁን ግን የሳቁበትን ሰማሁት። ያስቃል። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ሳቅሁ፤ እንዳታየኝ።

እሑድ፣ ሰኔ 8

ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። ስልኩ ሞቷል፣ ቬንቲሌተሩ ቆሟል። የኔነሽ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች፣ እኔ ዛፉ ሥር ተቀምጫለሁ። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። አንሶላውን አራግፋ ገመዱ ላይ ጣለችው፣ ጫፉን እያስተካከለች፣ ሳትዞር፣ ለራሷ እንደሚያወራ ሰው፦

«ከሁለታችን ለሞት ማን ይቀድም ይሆን?» አለች።

ሰማኋት። እያንዳንዷን ቃል።

ለእኔ አልነበረም። ወይም ለእኔ ነበር፣ ግን መልስ አትጠብቅም። ስንት ጊዜ እንዲህ ጀርባዋን ሰጥታ ጠይቃኝ ይሆን? እኔ ጋዜጣ እያነበብኩ፣ ወይ አንዱን ዕቃ እየፈታሁ...



«አላውቅም፣ የኔ» አልኳት።

እጇ ገመዱ ላይ ቆመ። ቀስ ብላ ዞረች።  ከዚያ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። የቀረው ልብስ እንደረጠበ ባልዲው ውስጥ ዋለ።