ነጭ መኪና

ማክሰኞ፣ ጁን 10፣ 1997፤ ኦሮራ፣ አሜሪካ

የስዊዘርላንድ ቪዛ ተከለከልኩ። ለምሳ ታክሲዬን አቁሜ ቤት ስገባ ደብዳቤው ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ነበር። ጀርመን ሰጥታኛለች፤ ፈረንሳይም በዚያው ቪዛ ታስገባኛለች። እናቴ ያለችበት ጄኔቭ ብቻ ነው የማይሆነው።

ከባለቤቴ ከሰሚራ ጋር ሦስት ወር ሙሉ ካርታ ላይ ስናሰምር ከረምን። ከፍራንክፈርት መኪና ተከራይተን፣ ስትራስቡርግ አድረን፣ ኮልማር ምሳ በልተን፣ ከዚያ ጄኔቭ፣ ሐይቁ ዳር። ለእኔ ያ ሁሉ ሰበብ ነበር። እናቴን ካየኋት ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እሷም የጥገኝነት መልስ ስለምትጠብቅ ከዚያ አገር መውጣት አትችልም።

ሰሚራ ደብዳቤውን አነበበችና፣ «እኔና ልጃችን የአሜሪካ ፓስፖርት አለን፤ ገብተን እንያት። አንተ ድንበሩ ጋ ፓርክ አድርገህ ትጠብቀናለህ» አለች። ለክፋት አልነበረም። ጮህኩባት።

ወዲያው እናቴ ደወለች። ፈረንሳይኛ ሳታውቅ ጎረቤቷን በእጅ ምልክት ለምናው፣ የምንደርስ ቀን የመኪና ማቆሚያውን ሊለቅልን እሺ ብሏታል።

«መኪናችሁ ምን ዓይነት ቀለም ነው? በመስኮት እንድጠብቃችሁ» አለችኝ።

ነጭ ነው አልኳት።