ስለቱን ለአማትሽ ንገሪያቸው

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ሐምሌ ፱ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

እህት ዓለሜ ጠጅቱ፣

እንዴት ከረምሽ? ሆድሽስ እንዴት አደረገሽ? እኔ አለሁ። ሰሞኑን ቤቱ ሰው ሞልቶ ሳልጽፍልሽ ቆየሁ። ይህን በፖስታ አልላክሁትም፤ ጣልያኖቹ ከፍተው ሲያነቡ ይቆያል ይባላል። ወደ ጅማ ጭነት የሚያመላልሰው ሹፌር በከር ያደርስልሻል። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ አምስት ቀን ይፈጃል ብሎኛል። አንቺ ደግሞ ወርሽ ገብቷል። ቀን ስቆጥር መቀመጫ አጣሁ።

ዋናውን ልንገርሽ፤ ወንድ ከሆነ በስምንተኛው ቀን እንዳታስገርዢው።

ልጄ ሀብተ ማርያም ሲገረዝ ሦስት ቀን ደሙ አልቆም ማለቱን ታስታውሻለሽ። በገራዧ በእትዬ ዲንቄ ምላጭ አሳብቤ ሰባት ዓመት ሰላምታ ነፈግኳቸው። እስከ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ድረስ ስማቸውን ያላነሳሁበት ደጅ የለም። ባለፈው ወር ልጁ ወድቆ ምላሱን ነከሰ፤ ጉልበቱም አበጠ። ደሙ አልቆም ሲል ጣልያን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ በአስተርጓሚ፣ «የእናትሽ ወንድሞች እንዴት ናቸው?» አለኝ። ሰላምታ መስሎኝ፣ «ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ የእርስዎስ?» አልኩት።

አስተርጓሚው ሳቀ። «እሜቴ፣ ሰላምታ አይደለም። ደም አልቆም ብሎት የሞተ አለ ወይ ነው የሚሉሽ።»

ያኔ አጎታችን ሸዋንግዛው ትዝ አለኝ። ጥርሱን ተነቅሎ በማግስቱ የሞተው፣ መጋኛ መታው ስንል የኖርነው።

ለካ ደም ሲፈስ የሚያረጋው ነገር በውስጡ አለ። ከእናታችን ወገን የሆኑ ወንዶች ያ ነገር ይጎድላቸዋል። እኛን ሴቶቹን ሳያመን፣ ሳናውቀው ተሸክመን ለልጆቻችን እናወርሳለን። ሁሉም ወንድ አይወርስም፤ የትኛው እንደወረሰ ግን ደሙ ሳይፈስ አይታወቅም አለኝ።

ከትናንት በስቲያ እትዬ ዲንቄ ከሰው ሁሉ ጋር መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። «እኔስ ይቅር ብያለሁ፤ ባንቺ ወሬ ጉድጓድ የጣልኩትን ምላጭ ማን ያወጣልኛል?» ብለው አቀፉኝ።

አማትሽ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ የሐኪም ነገር አይሰሙም። «የክርስቲያን ልጅ ሳይገረዝ ክርስትና ሊነሳ ነው?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ስለዚህ፣ «እህቴ ተስላለች፤ ልጁ ልደታ ማርያም መጥቶ እሷ ባለችበት ካልሆነ አይገረዝም» በያቸው። ስለት አያፈርሱም። ውሸት እንዳይሆንብሽ ዛሬ ጠዋት ሄጄ ተስያለሁ። ከመጣሽ በኋላ ያለውን ለእኔ ተዪው።

ሀብተ ማርያም ተኝቷል። ጉልበቱን አሁን አያመውም። ስለ እሱ ስትገላገዪ እጽፍልሻለሁ፤ እስከዚያ ማንንም አትጠይቂ።

ልደታ ማርያም ከጎንሽ ሆና በሰላም ታውጣሽ። ሴት በሆነች እያልኩ ነው የምለምናት። ሴት ብትሆንም ግን ይህን ደብዳቤ አትቅደጂው። አድጋ ስታገባ ስጫት።

እህትሽ ወለተሰንበት