ዝንብ የሚበላው ቅጠልና የመቂው ቲማቲም

ካፔለ አን ደን አይሰል
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎ አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎን ሻል አለዎት? መድኃኒትዎን በሰዓቱ እንደሚወስዱ እህቴ ሳያት በስልክ ነግራኛለች። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ከሥራም አልቀረሁም።

በነሐሴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ አሳምነው ከባለቤታቸው ጋር በማለዳ መጥተው የእማዬን ሞት ሲነግሩኝ፣ ቀብሩ አልፎ ነበር። ትምህርቴ እንዳይስተጓጎል ብለው እርስዎ እንዳዘዙ ነገሩኝ። አልተቀየምኩም። ባለቤታቸው "አልቅሺ ልጄ፣ ይውጣልሽ" አሉኝ። እኔ ሻይ አፈላሁላቸው። ሲሄዱ ኩባያዎቹን አጥቤ፣ ሜትሮና ባቡር ቀያይሬ ዴልፍት ከተማ የምሠራበት ላቦራቶሪ ገባሁ። ችግኞቹ ውኃ ይፈልጉ ነበር።

አምና በስልክ ያወራሁላችሁን ተክል ያስታውሱታል? ረግረግ ላይ የሚበቅለው፣ ቅጠሉ ላይ የሚያጣብቅ ጠብታ ያለው፣ ዝንብ ሲያርፍበት ተጠቅልሎ የሚበላው። እማዬ "ደግሞ ሥጋ በል ጎመን መጣ" ብላ ስቃ ነበር። እዚያ ቅጠል ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ተክሉን አይጎዱትም፤ በሽታ አምጪዎችን ግን አያስጠጉም። ከእነሱ አንዱን ለይተን የቲማቲም ችግኞች ሥር ላይ አፈሰስን። ከዚያ ያንን የመቂውን የቲማቲም ማሳችንን የጨረሰውን የአጠውልግ በሽታ ጨመርንበት።

ያልታከሙት ልክ እንደ መቂው ሆኑ። ጠዋት አረንጓዴ ነበሩ፣ ከሰዓት አንገታቸውን ደፉ። የታከሙት ግን አብዛኞቹ ቆሙ። ደግመን ሞከርነው፤ ያው ሆነ። አብራኝ የምትሠራው ማርለስ ኬክ ይዛ መጣች፣ ሁሉም ጨበጡኝ። እኔ ቅጠሎቹን ቆሜ አየሁ። እማዬ የጠወለገውን እየነቀለች ማሳው ዳር ስትከምር ታየችኝ። እሱም ቢሆን አላስለቀሰኝም። ኬኩን በላሁ።

አባዬ፣ ይህ ገና በሳህን አፈር ላይ የታየ ነገር ነው። ማሳ ላይ እስኪሞከር ዓመታት ይወስዳል። ሰፈርተኛው "ልጅዎ መድኃኒት አገኘች" ቢልዎት እዚያ መሬት ላይ ቲማቲም እንዳይተክሉ። ለጊዜው በቆሎ ይዝሩበት።

ትናንት ማርለስ "እናትሽ ስትሰማ ምን አለች?" ብላ ጠየቀችኝ። መሞቷን ሥራ ቦታ ለማንም አልተናገርኩም። "በጣም ደስ አላት" አልኳት። ከዚያ የቢሮውን ስልክ አንስቼ የእማዬን ቁጥር ደወልኩ። ለምን እንደደወልኩ አላውቅም። እርስዎ ያነሳሉ ብዬም አላሰብኩም።

"ሃሎ፣ ማን ልበል?" አሉ።

እኔ መሆኔን አልነገርኩዎትም።

"እሷን ፈልጋችሁ ከሆነ ወጣ ብላለች። ስትመጣ እነግራታለሁ" አሉና ዘጉት።

ቁጥሩን ስላላወቁት ማን ይሆን ብለው እንዳይጨነቁ ነው የምጽፍልዎ።

በጸሎትዎ አይርሱኝ። ጌታ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ቤቱንም በሰላሙ ይጠብቅልን። ሳያትን ሳሙልኝ። የእማዬን ስልክ ደግሞ ቻርጅ ማድረግዎን አይተዉ።

ልጅዎ
ኑኃሚን