አራት ዲግሪ ስላሳሸገው የክትባት ማቀዝቀዣችን

ለተከበሩ የጤና መሣሪያዎች ቁጥጥር ኃላፊ፣

ጌታዬ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ አብሮዎ እንዲሰነብት ከልቤ እመኛለሁ፤ በእኛ ጤና ጣቢያ በኩል ጤና ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ በእርስዎ ማኅተም ታሽጎ ይገኛል። እኔ የማቀዝቀዣውን ቴርሞሜትር ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠዋትና ማታ እያነበብሁ የመዘገብሁ የክትባት ክፍል ነርስ ነኝ። ላስቸግርዎ የደፈርሁባቸው ነጥቦች እነሆ፦

፩. ተቆጣጣሪዎ ቴርሞሜትራችን አራት ዲግሪ «ሴንቲግሬድ» እንደሚል፣ ቅጽዎ ግን የሚጠይቀው ዲግሪ «ሴልሺየስ» እንደሆነ በንስር ዓይናቸው አዩ። ሁለቱ የአንድ መለኪያ ሁለት ስሞች መሆናቸውን፣ አራቱም እዚያም እዚህም ያው አራት መሆኑን ባስረዳቸውም፣ መመሪያ መመሪያ ነው ብለው ማቀዝቀዣውን አሸጉት። ክትባቱን ከእንዲህ ያለ የስም አደጋ ስላተረፉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፪. ከሴንቲግሬድ ወደ ሴልሺየስ የተለወጠበትን ስሌት ከነማብራሪያው እንዳቀርብ በደብዳቤ ታዘዝሁ። ሠርቼ ላክሁ፤ አራት ሲለወጥ አራት ይሆናል። መልሱ ከጥያቄው ጋር መመሳሰሉ ጥርጣሬ እንዳሳደረ በሁለተኛ ደብዳቤ ተገለጸልኝ። እንግዲህ ምን ላድርግ ጌታዬ፣ ትንሽ ላበላሸው?

፫. እናቴ ቤት ውስጥ የምትጠራኝ በአንድ ስም፣ መዝገብ ላይ የሰፈርሁት በሌላ ስም ነው። እስከ ዛሬ ሁለት ሰው ነሽ ብሎ ሁለት ወንበር ያቀረበልኝ የለም፤ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ግን እጠብቃለሁ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ለካስ ኮሚቴ ካላጸደቀው አይሆንም!

፬. በዚህ መካከል ሠላሳ አንድ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው መጥተው እንዳዘሉ ተመልሰዋል። በር ላይ ቆሜ የመለስኋቸው እኔ ነኝ፤ ዓይናቸውን ማየት አቅቶኛል። ጌታዬ፣ ተናድጃለሁ፤ ይህን አሳምሬ የምጽፍበት ትሕትና አጥቻለሁ።

ማኅተምዎን ዛሬውኑ እንዲያነሡልን እየለመንሁ፣ በሁለቱም ስሞቼ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

የክትባት ክፍል ነርስ

ከፊርማ በኋላ የታከለ፦ በመጀመሪያው ቀን ከመለስኋቸው እናቶች አንዷ ልብስ ሰፊ ናት። ዛሬ ጠዋት ልጇን ኩፍኝ ይዞት አምጥታው ነበር። ትኩሳቱን ለካሁት፤ አርባ ነው። እርሷ አርባ ምን እንደሚባል አልጠየቀችኝም። እርስዎ ግን መጠየቅዎ አይቀርምና፣ በየትኛው ስም ልጻፍልዎ?