አባትሽ ዋሻው ውስጥ ያየው

ውድ ልጄ አንትየ፣ እግዚአብሔር በሊዝበን ጤናና ሰላም ይስጥሽ። እኛ ደህና ነን፤ በረዶው ዘንድሮ ቶሎ ገባ።

አባትሽ ስልኩ ላይ አንድ የመልእክት ቡድን ውስጥ ከገባ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ስደተኞች የጀርመን ልጆችን ሰርቀው አሮጌው የማዕድን ዋሻ ውስጥ ደብቀዋል ይሉታል። «የማን ልጅ ጠፋ?» ብዬ ስጠይቀው «አንቺ ገና አልነቃሽም» ይለኛል።

ቅዳሜ የዋሻውን በር ቁልፍ ሊቆርጥ የብረት መቁረጫ ይዞ ወጣ። ሰው እንዳይጎዳ ፈርቼ ተከተልኩት። ሠላሳ ዓመት የሠራበት ዋሻ ነው፤ እስከ መጨረሻው ገባን። ከውሃና ከሌሊት ወፍ በቀር ምንም የለም። እሱም «አይቻለሁ፣ ማንም የለም» ብሎ ለቡድኑ ጻፈ። በየቀኑ «ወንድማችን» ሲሉት የነበሩት ሰዎች ወዲያው «ከሃዲ! አንተንም ገዙህ» ብለው አባረሩት።

አሁን ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ «ጉድሩን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታለል ነበር ማለት ነው?» ይለኛል።

በሠርግሽ ቀን ባልሽን ኢድሪስን «ስደተኛ» ብሎ የተናገረውን አልረሳሁም፤ ይቅር በይው ብዬም አላስገድድሽም። ትናንት ግን ቁጥራችሁን ጠየቀኝና ሰጠሁት። እሑድ ይደውላል። ኢድሪስን ደስ ካለው፣ ስልኩን እሱ ያንሳው።

ትዳራችሁን ይባርክላችሁ።

እናትሽ ጉድሩን